ከሸንተረሩ ላይ የፈረሱት ቁልሎች

ቶሩን አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባት ሰው ሁሉ በጨዋነት ሲያናግራት ነው።

የስካርቨያ ሰው ጨዋ አይደለም። ጨዋ ነው ያላችሁ ካለ ደሴቲቱን የሚያውቃት በካርታ ብቻ ነው። እዚህ ሰው ሲወድህ "አንተ የገማህ ዓሣ፣ እስካሁን አልሞትክም?" ይልሃል፤ አንተም "አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!" ትለውና ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ቶሩን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ከተማ ገብታ፣ ተምራ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከሆነች በኋላ እንኳ ከመርከብ በወረደች ቁጥር የሚቀበሏት በስድብ ነው። ዘንድሮም ተማሪዎቿን አስከትላ ስትወርድ ባለሱቋ ሞልፍሪድ ከደጃፏ ቆማ "ኧረ ተመልከቱ! ያቺ ደረቅ መጣች፣ ደግሞ ግልገሎቿን ይዛ!" ብላ ጮኸችባት። ተማሪዎቹ ክው አሉ። ቶሩን ግን ቤቷ እንደገባች ተሰማትና ከት ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ከተማሪዎቿ ጋር ቀኑን ሙሉ ሸንተረሩ ላይ ሠርታ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ሱቁ ገባች።

"እንደምን አደርሽ፣ ቶሩን" አለቻት ሞልፍሪድ።

ቶሩን ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ሌላ ቶሩን የገባች መስሏት። "ደህና… አንቺስ?"

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ የሚያስፈልግሽ ነገር ይኖራል?"

ይኖራል! ሞልፍሪድ ይኖራል የሚባል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

"አሞሻል እንዴ ሞልፍሪድ?"

"ምንም አላመመኝም። መልካም ቀን ይሁንልሽ።"

ቶሩን ዳቦዋን ታቅፋ ወጣች። ደጅ ላይ ዓሣ አጥማጁ አርንልዮት አገኛት። አርንልዮት ከልጅነቷ ጀምሮ "አንቺ ቀጭን እንጨት" ከማለት በቀር ስሟን ጠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ቆቡን አነሣላት። ቆቡን! ከሥሩ የወጣውን ራሰ በራ ስታይ ጭራሽ ግራ ገባት፤ መላጣ መሆኑንም አታውቅም ነበር።

ምን አድርጌ ነው? እያለች ትናንት የሆነውን አንድ በአንድ አሰበች። የሠሩት ሥራ ምንም ክፉ አልነበረበትም። የምታስተምረው ትምህርት ዘላቂ ቱሪዝም ይባላል፤ ጎብኚ መጥቶ ሲሄድ አገሩ እንዳገሩ፣ ሰዉም እንደ ሰው እንዲቀር ምን መደረግ አለበት የሚል ነው። በስካርቨያ ደግሞ በጋ በመጣ ቁጥር በመርከብ የሚጎርፈው ጎብኚ ሸንተረሩ ላይ ይወጣና ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆልሎ ፎቶ ይነሣበታል። አንዱ አንድ ቆልሎ ሲሄድ የሚቀጥለው አይቶ ሌላ ይቆልላል። ለዚያ ሲባል ድንጋይ እየተነቀለ ሣር ለማብቀል እንኳ የማይበቃው ስስ አፈር ተራቁቷል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ መንገደኛ ቁልሉን የመንገድ ምልክት ነው ብሎ ተከትሎ ገደል አፍ ይደርሳል። ይባስ ብሎ አፍርሱልን ያሉት ራሳቸው የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው! ሞልፍሪድ ባለፈው የገና በዓል "እነዚያን የቂል ክምሮች ጠራርጎ የሚጥልልን ሰው ቢገኝ ዋፍል የሚባለውን ትኩስ ቂጣ በነጻ አበላው ነበር" ያለችው በቶሩን ጆሮ ነው።

እነሆ ጠራርገው ጣሉ። ተማሪዎቹ እየዘፈኑ፣ ድንጋዩን እየበተኑ፣ እስከ ማታ አንዲት ቁልል አላስቀሩም። ከመካከላቸው ሲነ የምትባለው ቢጫ ጃኬት ለባሽ፣ ነገርን ሁሉ ከልቧ የምትሠራ ልጅ፣ "አሁን ተራራው ተነፈሰ" ብላ ነበር። ታዲያ ዋፍሉስ የታለ?

ቶሩን ዳቦውን ይዛ በቀጥታ ወደ አጎቷ ወደ ሂልማር ጀልባ ቤት ወረደች። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱን ዘንድሮ ስካርቨያ ድረስ ያመጣችው ለሸንተረሩ ብላ ብቻ አይደለም። ሂልማር በፋሲካ ደውሎ "መስከረም ላይ ነይ፤ የቤታችንን ቦታ አሳይሻለሁ። ከኔ በኋላ የሚያውቀው የለም" ብሏት ነበር። የቤታቸው ቦታ ማለት ከደሴቲቱ ወዲያ፣ ባሕሩ መካከል፣ የበር መዝጊያ የሚያህለው ጠፍጣፋ ዓሣ የሚገኝበት ነው። አያቷ ያውቁት ነበር፤ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ነገሩ። አንዱ የቶሩን አባት ነው፤ ሳይነግራት በድንገት ሞተ። የቀረው ሂልማር ነው፤ ልጅ የለውም፣ ሰማንያን ተሻግሯል። ቶሩን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ አለቀሰች። አባቷ ያልሰጣት ነገር በመጨረሻ ሊሰጣት ነው። ያ ቀን ዛሬ ነበር።

ሂልማር ጀልባ ቤቱ ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጧል። የባሕር ልብሱን አልለበሰም።

"ተነሣ እንጂ አጎቴ! ባሕሩ እኮ እንደ ጠረጴዛ ተኝቷል።"

"ዛሬ አንወጣም" አለ ሂልማር። "ቡና ልቅዳልሽ?"

"አንተም ጀመርክ! ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁ? ስደበኝ እንጂ!"

ሂልማር ከፔርሙዙ ቡና ቀዳላት፤ የራሱንም ቀዳ። እስኪበርድ ድረስ አልነካውም። "ምልክቱ የለም" አለ በመጨረሻ።

"የምን ምልክት?"

"የድንጋዩ ቁልል። የኛው። አፈረሳችሁት።"

ቶሩን ስኒውን አስቀመጠች። ባሕር ላይ ቦታ የሚገኘው በሁለት መስመር መሆኑን በስካርቨያ የማያውቅ ሕፃን የለም። ከየብስ ላይ አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ስታገጥም አንድ መስመር ይሆናል፤ በሌላ በኩል ሌላ ሁለት ነገር ስታገጥም ሁለተኛው፤ መስመሮቹ በተገናኙበት ዓሣህ አለ። ምሥጢሩ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚገጥም ነው። ቶሩን ይህን ታውቃለች። የማታውቀው አንዳንዱ ምልክት ሰው የቆለለው ድንጋይ መሆኑን ነው። ይህ ደግሞ አልተነገራትም፤ የሚነገር ነገር አይደለማ!

"ታዲያ… ሌሎቹም?"

"የሁሉም ቤት። የአርንልዮትም፣ የሞልፍሪድ ወንድምም፣ የሁሉም።"

"ኧረ በሰማይ! ታዲያ ስንወጣ አይተውናል እኮ! ይችን ተዋት፣ ያቺን አትንኪያት የሚለኝ አንድ ሰው ይጥፋ?"

ሂልማር እንደ ሞኝ ነገር አያት። "ያቺ የኔ ናት ያለሽ ሰው ዓሣውን ሰጠሽ ማለት አይደል?"

"ሞልፍሪድ ራሷ አፍርሱልን ብላለች!"

"የጎብኚውን ነዋ ያለችው።"

"የጎብኚው የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሁሉም ድንጋይ ነው!"

"እሱማ ልክ ነሽ" አለ ሂልማር። "ጎብኚው ከኛ አይቶ ነው የለመደው።"

ቶሩን ባዶ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ጂፒኤስ ላይ ለምን አልመዘገብከውም ብትለው "ያ ነገር ጀልባው ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል" አላት። እሺ ቁልሉ የት ነበር፣ አሁኑኑ ወጥቼ በእጄ ልሥራው ብትለው ደግሞ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። "ከየብስ አይታወቅም፤ ከባሕር ሲያዩት ነው" አላት። ከባሕር እንየው ብትለው፣ ቦታው ላይ ለመቆም ቁልሉ ያስፈልጋል አላት። ቁልሉን ለማግኘት ቦታው፣ ቦታውን ለማግኘት ቁልሉ! ቶሩን ሦስት ጊዜ አዙራ አሰበችውና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች።

ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። እስከ ማግስቱ ድረስ አልተነሣም። ሲገለጥ ሸንተረሩ ላይ አዲስ ቁልሎች ቆመዋል።

ቶሩን ይህንን ያየችው ዘግይታ ነው። አስቀድመው ያዩት ተማሪዎቿ ናቸው፤ ጎበዞች ናቸውና ሳይታዘዙ ወጡ፤ ምሳ ሳይደርስ በሙሉ አፍርሰው ተመለሱ። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ዮስታይን በቁጣ ቀልቷል። "ቶሩን፣ አይገርምሽም? መርከብ እንኳ ሳይመጣ! እነዚህ ጎብኚዎች በጉም ውስጥ ነው የሚቆልሉት!"

"አፈረሳችሁት?" አለች ቶሩን፣ ድምጿ ቀጥኖ።

"አንድም አላስቀረንም!"

"ጎብኚ ግን አላየንም" አለች ሲነ ግራ እንደተጋባች። "ያ ቆቡን የማያወልቀው ሰውዬ፣ አርንልዮት፣ እዚያ ነበር። ሁለት ድንጋይ ታቅፏል። ምን እያደረግክ ነው ስለው የጠፋች በጌን እየፈለግኩ ነው አለኝ።"

"አርንልዮት በግ የለውም" አለች ቶሩን።

"ታዲያ ድንጋዩን ምን ሊያደርግበት ነው?"

እዚህ ላይ ቶሩን ሳቅም ልቅሶም መጣባት፤ የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት። ነገሩ አሁን ገብቷታል። እያንዳንዱ ቤት በጉሙ ተሸፍኖ፣ ጎረቤቱ እንዳያየው እየተደበቀ፣ የራሱን ቁልል ሊመልስ ወጥቷል። ወደ ላይ ሲወጣ የተገናኘ ሁለት ሰው "ሽርሽር ነው" ተባብሎ ተላልፏል። አንዳንዱማ፣ የስካርቨያ ሰው ነውና፣ ጎረቤቱን ለማሳሳት ከእውነተኛው ሌላ ሁለት ሦስት የውሸት ቁልል ጨምሮ ነው የወረደው። ያን ሁሉ ልፋት ደግሞ የቶሩን ልጆች በአንድ ጠዋት በተኑት። ማታ መንገድ ላይ ያገኟት ሰዎች ሁሉ ከበፊቱ የባሰ ጨዋዎች ሆነው ጠበቋት፤ አንዱማ "ትምህርቱ እንዴት እየሄደ ነው?" ብሎ ጠየቃት። ገድለዋት ቢሆን ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ተማሪዎቿን በአሮጌው ትምህርት ቤት ሰበሰበቻቸውና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። የአጎቷንም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ክፍሉ እንደ ጉድ ተንጫጫ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ዮስታይን። "የአካባቢውን ሰው አማክሩ ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። አማከርን፤ አፍርሱ አሉ። አፈረስን። አሁን ለምን አፈረሳችሁ ነው የሚሉን?"

"ለምን አፈረሳችሁም አላሉም" አለች ቶሩን። "ችግሩ እሱ ነው።"

"እሺ የትኛው የነሱ እንደሆነ ይንገሩንና እንሥራላቸው።"

"አይነግሩንም።"

"እሺ ራሳቸው ይሥሩ።"

"እንዳይተያዩ በጉም ብቻ ነው የሚሠሩት። በጉም ደግሞ ባሕሩ አይታይም፤ ልክ የት እንደነበር እነሱም አያውቁትም።"

"ታዲያ ምን ይፈልጋሉ?"

ቶሩን ወደ ሰሌዳው ዞረች። ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ ነበራት፤ ሥዕላዊ መግለጫ እንኳ ነበራት። "አላውቅም" አለች። ተማሪዎቿ ይህን ቃል ከሷ ሰምተው አያውቁም።

የቀደመችው ሲነ ናት። "እኛ እንቁምላቸዋ" አለች።

"ምን?"

"እኛ ቁልል እንሁን። ሸንተረሩ ላይ ተራርቀን እንሰለፍ። ጃኬታችን ቀለሙ ልዩ ልዩ ነው። እነሱ በየጀልባቸው ቦታቸው ላይ ሄደው ያዩናል፤ ምልክቴ ቢጫዋ ጋ ነው፣ ወይም ከአረንጓዴው ትንሽ ወዲህ ነው ብለው በልባቸው ይይዛሉ። ለማንም መናገር የለባቸውም። እኛ በቆምንበት ምልክት ትተን እንወርዳለን። ከዚያ በፈለጉት ቀን ወጥተው ይቆልሉ። የማን የት እንደሆነ እኛም አናውቅም።"

ቶሩን ልጅቱን አተኩራ አየቻት። ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች አንድም ይህን አያስብም ነበር፤ እሷ ራሷም አላሰበችውም። ለሞልፍሪድ ሄዳ ስትነግራት ሞልፍሪድ "እኛ እንኳ ምንም ምልክት የለንም" አለች፤ "ቢሆንም ነገ ወንድሜ ለሽርሽር ይወጣ ይሆናል።" አርንልዮትም ምልክት አልነበረኝም አለ። ሁሉም ጂፒኤስም የለኝም አለ፤ ሁሉም አለው፤ ቦታውንም በስውር መዝግቦበታል፤ የሌለው ሂልማር ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደቡ ባዶውን ቀረ። ምልክት የሌላቸው ሰዎች በሙሉ ለሽርሽር ወጥተዋል።

ሂልማርን ለማስነሣት ግን አሳር ሆነ። ወገቤን አለ። ሞተሩ አለ። ነፋስ ሊመጣ ነው አለ፤ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ በሁሉም አቅጣጫ ጠቆመ። ቶሩን በመጨረሻ የባሕር ልብሱን አምጥታ እንደ ሕፃን አለበሰችው፤ ክንዱን ይዛ ጀልባው ውስጥ አስቀመጠችው።

ከደሴቲቱ ከራቁ በኋላ ሞተሩን አጠፋ። ሌሎቹ ጀልባዎች ርቀው፣ ተበታትነው፣ እንደ ደንቡ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ ቆሞ የሚያጠምድን ሰው ማየት በስካርቨያ ነውር ነው። ሰማዩ ጠርቷል። ሸንተረሩ ላይ ተማሪዎቹ በተርታ ቆመዋል፤ በላያቸው ከጀርባ ትልቁ ተራራ ይታያል።

"እሺ አጎቴ፣ የቱ ጋ ነው?"

ሂልማር ቀና ብሎ አየ። ወዲያው መልሶ አቀረቀረ። "ቀዩ ጋ።"

ቶሩን በዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ቆጠረች። "ቀይ የለበሰ የለም።"

"ያ ቀይ የሚመስለው ነዋ።"

"ቀይ የሚመስልም የለም። ቢጫ አለ። ሰማያዊ አለ። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ነጭ አለ።" ወደሱ ዞረች። "አጎቴ፣ ልጆቹ አይታዩህም?"

"ተራራው ይታየኛል" አለ ሂልማር። "ተራራ ትልቅ ነው።"

ውሃው የጀልባውን ጎን ቀስ እያለ ይመታል። ቶሩን "ቁልሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?" አለችው።

"አባትሽ በሕይወት እያለ።"

"ታዲያ እስካሁን እንዴት ስታጠምድ ኖርክ?"

"አላጠመድኩም። ወደቡ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ትንንሹን እጎትታለሁ። ትልቁ ዘንድሮ ሸሽቷል እላቸዋለሁ። የት ሸሸ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አይጠየቅማ።"

"እና እኔን ነይ ያልከኝ?"

"ባሕሩ ላይ ስንሆን ይመጣልኛል ብዬ ነው። እጄ ያስታውሰኛል ብዬ።" ሂልማር የቆዳ ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። "ከዚያ ልጆችሽ አፈረሱት። እውነቱን ልንገርሽ? ያን ማታ ደስ አለኝ። እንኳን ፈረሰ አልኩ። ከእንግዲህ የጠፋው በልጆቹ ነው ይባላል፤ በሂልማር አይባልም።"

ቶሩን ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። "አንተ ክፉ ሽማግሌ! አንተ የጨው በርሜል! እኔ እንቅልፍ አጥቼ! አባቴን ሁለተኛ ጊዜ በእጄ የቀበርኩት መስሎኝ! ቡና ልቅዳልሽ ትለኛለህ? ቡናህ ይድፋህ!"

"ይገባኛል" አለ ሂልማር። "ጨምሪ።"

የምትጨምረው ግን አልነበራትም። ተናደደችበት፤ አዘነችለት፤ ደግሞ ጥፋቱ የሷ ብቻ እንዳልሆነ ስታውቅ ቀለላት፤ በመቅለሉም አፈረች። ሁሉም ባንድ ላይ ስለመጣባት በየትኛው እንደምታለቅስ ሳታውቅ አለቀሰች። ሂልማር ያያታል፤ ወይም የሚያያት ይመስላል። ፊቷ ይታየው አይታየው አሁን እርግጠኛ አይደለችም።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሁለተኛው መስመርስ? እሱን ያፈረሰው የለም አይደል?"

"የለም። እሱም አይታየኝም እንጂ።"

"ለኔ ይታየኛል።"

ሂልማር ወደ እሷ ተጠጋ። አንዱን መስመር መናገር ግማሹን ዓሣ መስጠት ነው፤ በዕድሜው ሁሉ ለማንም አልሰጠም። ከዚያ ምን ከምን በላይ ሲቆም እንደሆነ ነገራት። ምን ከምን በላይ እንደሆነ እኔም እዚህ አልጽፈውም።

ቶሩን መሪውን ያዘች። መስመሩ ላይ ስትገባ ነገረችው፤ ከዚያ በመስመሩ ቀስ ብላ ወደ ውጭ ነዳች። ሂልማር የቦታቸውን ወለል በእጁ ሊለይ ከሥሩ ከባድ የእርሳስ ብረት የታሰረበትን ገመድ ወደ ውሃው ለቀቀ። እርሳሱ ወለሉን ሲነካ ዓይኑን ጨፈነ። "አሸዋ" አለ። ሳበው፤ ትንሽ ሄዱ፤ እንደገና ለቀቀ። "አሸዋ።" እንደገና። "ዛጎል።" ቶሩን ጀልባው ከመስመሩ ሲወጣ እየመለሰች፣ እሱ እየለቀቀና እየሳበ፣ ጓንቱ እስኪረጥብ ድረስ ሄዱ። አልፈናል መሰለኝ አለ፤ ተመለሱ። አላለፍንም መሰለኝ አለ፤ እንደገና ሄዱ። ቶሩን ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ገመዱ እጁ ውስጥ ተንሸራተተ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንሸራተተ።

"ጠርዙ" አለ ሂልማር። "ድንጋይ፣ ከዚያ ገደል። አቁሚ። አቁሚ ልጄ!"

አቆመች።

"አሁን ተራራውን እዪ። ጫፉ ላይ ጥርስ የወለቀ የሚመስል ክፍተት አለ።"

"አየሁት።"

"ቁልላችን ከክፍተቱ ሥር ነው የሚቆመው። ማን አለ እዚያ?"

ቶሩን አየች። ትኩር ብላ ደግማ አየች፤ ከሌላ እንዳታምታታ ጎንና ጎኑን አየች። ምልክቱ በትክክል እዚያ ነበር ወይስ የሽማግሌ እጅ ዋሽቷቸው ነው? ማወቂያ የለም፤ መንጠቆ እንኳ ይዘው አልወጡም። ቢሆንም ሂልማር ፊቱን ወደሷ አዙሮ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ይጠብቃል።

"ማን አለ?" አለ ደግሞ።

በዙሪያቸው ከውሃና ከአንድ የባሕር ወፍ በቀር ነፍስ አልነበረም። ቶሩን ግን መሪውን ለቅቃ ተጠጋችውና በእጇ ከልላ በጆሮው ነገረችው። ቢጫዋ፤ ከሷ ትንሽ ወደ ቀኝ።

"ወደ ቀኝ" አለ ሂልማር በሹክሹክታ። "አዎ። ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር።"

ወደብ ሲደርሱ ተማሪዎቹ ወርደው ይጠብቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ በነፋስ ቆመው ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሲነ ከሁሉም ቀድማ ወደ ጀልባው ሮጠች፤ አፍንጫዋ ይንጠባጠባል።

"ተገኘ? ቶሩን፣ ተገኘ ወይ?"

"ተገኘ።"

"እልል በሉ!" አለች ሲነ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እያፈረች፣ "እኔ ነኝ አይደል? ጀልባችሁ ከፊቴ ሲቆም አየሁት። ከዚያ በኋላ ቢበርደኝም ንቅንቅ አላልኩም" አለቻት።

ቶሩን አጎቷን ዞራ አላየችም። ነገ ማለዳ ቁልሉን ልትመልስ ወደ ሸንተረሩ ብቻዋን እንደምትወጣ ታውቃለች። ለዓመታት ክፍል ውስጥ የአካባቢው ሰው ዕውቀት ለሁሉም ይድረስ እያለች ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። አፏ ግን ከሷ ቀደመ።

"አይ" አለች። "ሰማያዊው ነው።"

ዮስታይን እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ትከሻውን መቱት። ሲነ ጃኬቷን ቁልቁል አየች፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ይሁና" አለች፤ የደነዘዙ እጆቿን ኪሶቿ ውስጥ ከተተች። ቶሩን ልታቅፋት ፈለገች። ብታቅፋት ይታወቅባታል። ወደ ጀልባው ዞረችና ገመዱን ማሰር ጀመረች።